የሐረጉ ሥዕል እና የአባቴ ጣት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ያሰብኩት ሌላ ርእስ ነበር፤ ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ዐሥራ አንድ ቀን ቢሆነኝም አንድ ጉዳይ አሁንም ከልቤ አልወጣም፤ እርሱን ሳልናገር ወደ ሌላ ብሻገር ድምፄ ራሱ ያሳብቅብኛል።

ጉዳዩ ለአያቴ አርባ ያዘጋጀሁት ድረ ገጽ ነው። ባለፉት ሁለት ዝግጅቶች ስለ እርሱ ስለነገርኳችሁ አልደግመውም፤ በግራ ፎቶግራፋቸው፣ በመሐል የሕይወት ታሪካቸው፣ ከታሪኩ ሥር «ድምፃቸውን ያዳምጡ» የሚለው ቁልፍ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ደግሞ በእጄ የሣልኩት ሐረግ፣ ያ የብራና መጻሕፍት ጌጥ። ለሐረጉ ሦስት ምሽት ሰጥቼዋለሁ። ለቁልፉ የሰጠሁት ጊዜ ግን ዐሥር ደቂቃ አይሞላም፤ አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ፣ በተደፋው ሰማያዊ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጠቋሚ ጣቱን በሱሪው ጠረግ ያደርግና ስክሪኑን ይነካል። ይጠብቃል። እንደገና ይጠርግና ይነካል። ቀጥሎ በግራ እጁ ትንሿ ጣት ሞከረ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው። እኔ በሩ ላይ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ኔትወርክ የጠፋበት መስሎኝ ነበር።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደለም ልጄ፤ ጣቴ ነው። ሲሚንቶ የበላውን ጣት ስልክ አይቀበለውም።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር፤ የጣቶቹ ቆዳ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል፤ የስልክ ስክሪን ደግሞ የሚሠራው ከቆዳችን ጋር ባለው የኤሌክትሪክ ንክኪ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣት አንዳንዴ በእርግጥ ያስቸግረዋል። ስለዚህ የሰጠው ምክንያት የማይሆን አልነበረም። በሳምንቱ መጀመሪያ ስደውልለት «አይቼዋለሁ፣ በጣም ያምራል» ብሎኝ ነበር። የእናቱን ድምፅ ግን አልሰማም። በዚያ የአራት ደቂቃ ቅጂ መካከል አያቴ የአባቴን ስም በቁልምጫ ይጠራሉ፤ ገጹን የሠራሁትም በእውነት ለመናገር ለዚያች ቅጽበት ነበር። እርሱ ግን ቀን ከቀን ጣቱን እየጠረገ ሲሞክር ሰንብቶ ለማንም አልተናገረም።

ስልኩን ተቀብዬ በእኔ ጣት ቁልፉን ነካሁት፤ ምንም የለም። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ ጫን ብዬ ያዝኩት። በዚህ ጊዜ ስልኩ «ምስሉን ላውርድ?» የሚል ዝርዝር አወጣ። የትኛውን ምስል? የሐረጉን። ሐረጉ ከጣቴ ብዙ ርቆ፣ ከላይ በቀኝ ማዕዘን፣ የፎቶግራፉን ጫፍ ብቻ ነክቶ ይታያል፤ ስልኩ ግን የነካሁት ሐረጉን እንደሆነ ነገረኝ። ያን ጊዜ እስከ ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

በድረ ገጽ ሥራ ሙያ ያላችሁ አድማጮች ምን እንደተፈጠረ ገምታችሁ ይሆናል፤ ለሌሎቻችሁ ግን በእርጋታ ላስረዳ፤ ስህተቱ የተደበቀበት መንገድ እኔን ራሴን አስደንግጦኛል። ገጹ በሰፊ ስክሪን ላይ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ሦስት ዓምድ ደግሞ አራት መስመር አለው፤ ግሪድ፣ ማለትም የገጽን ክፍሎች በዓምድና በረድፍ የሚያደራጀው ዘዴ፣ ቦታ የሚመድበው በዓምዶቹ ዳርና መካከል ያሉትን መስመሮች እየቆጠረ ነውና። ሐረጉ ከመስመር 3 እስከ መስመር 4 እንዲያርፍ አዘዝኩ፤ ጌጥ ስለሆነ ቦታ ይዞ ሌሎቹን እንዳይገፋ ፖዚሽኑን፣ ማለትም የአቀማመጡን ዓይነት፣ አብሶሉት (ከተራው የወጣ) አደረግሁት፤ መያዣውን ደግሞ ሪላቲቭ (ለጌጡ መለኪያ የሚሆን) አልኩት። እንዲህ ሲደረግ የጌጡ ወሰን የተመደበለት የግሪድ ክፍል ይሆናል። በስልክ ላይ ግን ገጹ ወደ አንድ ዓምድ ይሰበሰባል፤ አንድ ዓምድ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ መስመር የለም። ሐረጉ እንደሌሎቹ ተራ የግሪድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ግሪዱ የጎደሉትን መስመሮች ራሱ ፈጥሮ ተጨማሪ ዓምዶች ይከፍትለት ነበር፤ ገጹም ተዛንፎ ወዲያው በዓይኔ አየው ነበር። አብሶሉት ለሆነ ነገር ግን አዲስ መስመር አይፈጠርም፤ የሌለ መስመር ከተጠቀሰለት እንዳልተጠቀሰ ይቆጠርና ወሰኑ እስከ መያዣው የፓዲንግ (የዙሪያ ውስጣዊ ክፍተት) ጠርዝ ይሰፋል። የምስሉ ሳጥን ወሰኑን በሙሉ እንዲሞላ፣ ሥዕሉ ግን በራሱ መጠን ከላይ በቀኝ እንዲቀመጥ አድርጌ ስለነበር ዓይን የሚያየው ትንሽ ሐረግ ብቻ ነው፤ የቀረው የሳጥኑ ክፍል ምንም ሳይታይ ፎቶግራፉን፣ ታሪኩንና ቁልፉን በሙሉ እንደ መስታወት ሸፍኗል። አብሶሉት የሆነ ነገር፣ ዚ-ኢንዴክስ፣ ማለትም የመደራረብ ተራ ቁጥር፣ ባይሰጠውም እንኳ፣ ፖዚሽን ካልተሰጣቸው ጎረቤቶቹ በላይ ይሣላልና።

ሥራውን ስጨርስ የላፕቶፔን መስኮት አጥብቤ የስልኩን መልክ አይቼዋለሁ። አየሁት እንጂ አልነካሁትም።

ስለ ብራና መጻሕፍት የማስበውም በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ከመጻፉ አስቀድሞ የብራናውን ጠርዝ በወስፌ እየበሳ መስመር ያሰምራል፤ ዳዊት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓምድ፣ ሌሎች ብዙ መጻሕፍት በሁለት፣ ሰፋፊዎቹ አንዳንዴ በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ፤ ሐረጉም በጽሑፉ ራስጌና በዓምዶቹ መካከል በተተወው ባዶ ቦታ ይወርዳል። እኔ ሐረጉን ከዚያ ወስጄ ቦታ ሳልተውለት... ይህን ንጽጽር ብዙ ባልገፋው ይሻላል፤ የብራና ሐረግ የሚጫን ቁልፍ ስለሌለበት ምናልባት ትክክለኛ ንጽጽር ላይሆን ይችላል።

ያን ሌሊት ሁሉም ሲተኙ አስተካከልኩት። መጀመሪያ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ለሐረጉ ፖይንተር-ኢቨንትስ ነን የሚለውን ትእዛዝ፤ ይህ ንክኪ ጌጡን አልፎ ከሥሩ ያለው ነገር ላይ እንዲደርስ ያደርጋል። ቁልፉ ወዲያው ሠራ። ልቤ ግን አላረፈም፤ የማይታየው ሳጥን አሁንም እዚያው ተዘርግቷልና። ስለዚህ አብሶሉቱን አንስቼ ሐረጉን ከፎቶግራፉ ጋር በአንድ የግሪድ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሁለት ነገሮች በአንድ ክፍል መደራረብ ይፈቀድላቸዋል፤ የግሪድ ልጆችም ፖዚሽን ሳይሰጣቸው ዚ-ኢንዴክስ ይሠራላቸዋል። በጀስቲፋይ-ሰልፍ ወደ ቀኝ፣ በአላይን-ሰልፍ ወደ ላይ አስጠጋሁት፤ ሳጥኑም ከሥዕሉ አንዲት ነጥብ እንዳይበልጥ ሆነ። ስክሪን አንባቢ ለሚጠቀሙ ሰዎችም ጌጥ መሆኑ ታውቆ እንዲታለፍ የምስሉን አማራጭ ጽሑፍ ባዶ አደረግሁት። ግሪድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2017 በፋየርፎክስ፣ በክሮምና በሳፋሪ ከገባ ጀምሮ ይህ ሁሉ በእጃችን ያለ ነገር ነው። አስቀድሜም አውቀው ነበር። ማወቄ ግን...

ማለዳ ከወጥ ቤት ሆኜ የአያቴን ድምፅ ሰማሁ። ወደ በረንዳው ስወጣ አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። አራቱ ደቂቃ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆምኩ። ከዚያ ቀና ብሎ በደስታ አየኝና፣ «ቫዝሊን ተቀብቼ ስላደርኩ ነው፤ አየሽ፣ ጣቴ ለሰለሰ» አለኝ።

እኔም ዝም አልኩ።

ይህን ዝምታ በልቤ ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት አልነግራችሁም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጣትህ ምንም አልሆነም ማለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ደስታውን ላለማቋረጥ ብዬ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ መልካም ነው፤ ግን በዚያው ቅጽበት ስህተቴ ሳይታወቅ በመቅረቱ የተሰማኝ እፎይታም ነበር፤ የትኛው እንደቀደመ መለየት አልቻልኩም። ደግሞ አንዳንዴ ምን ለውጥ ያመጣል እላለሁ፤ ድምፁን ሰምቷል አይደል? ወዲያው ግን ያን ጣቱን በሱሪው ሲጠርግ ይታየኛል።

እሑድ ደውሎልኝ ነበር። አሁን ገጹን ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ ጣቱን ይቀባል። ቫዝሊኑ ሊያልቅ ስለሆነ የሚመጣ ሰው ካለ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ እኔም እሺ አልኩት። ገዝቼዋለሁ፤ ይኸው ማይክሮፎኑ አጠገብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ወደዚያ ትሄዳለች፤ በእርሷ እጅ ልላከው ወይስ ራሴ ይዤው ልሂድ እያልኩ...