ኢንተርፕራይዝን በወረቀት ላይ የሠሯት ሰዎች

እንደምን አመሻችሁ! ውድ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች፣ ሥዕል የምትሠሩ፣ መጽሐፍ የምታሳድዱ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ስታር ትሬክ መጻሕፍት ነው። ስታር ትሬክ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የጠፈር መንኮራኩር ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ልብ ወለዶቹን ለሌላ ቀን ልተዋቸው። የማነሳው በሥዕልና በንድፍ የተሞሉትን፣ አድናቂው ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሚያያቸውን አጃቢ መጻሕፍት ነው። ብዙ ሰው ከቲሸርትና ከኩባያ እኩል ያያቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ምርጦቹን የሠሯቸው ተመልካቾች ናቸው። ሥራቸውም ክብር ይገባዋል።

እስቲ ጊዜውን አስቡት። ስታር ትሬክ በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ የጀመረው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በ1969 ተቋረጠ። በሦስት ዓመት 79 ክፍል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየጣቢያው ይደጋገም ነበር። ግን ያኔ ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ አልነበረም። አንድ ክፍል ካመለጣችሁ አመለጣችሁ። ያ ፕላኔት ስሙ ማን ነበር? ያ ዶክተር የታየው በየትኛው ክፍል ነው? ክርክሩን የሚፈታ ምንም ነገር በእጃችሁ የለም።

በ1968 ስለ ድራማው አሠራር የሚተርክ አንድ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። አዘጋጇ ቢጆ ትሪምብል ይባላሉ። ድራማው ሊዘጋ ነው ሲባል ከባለቤታቸው ጋር ሆነው አድናቂው ለጣቢያው ደብዳቤ እንዲጽፍ ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው። ዶሮቲ ጆንስ የተባሉ ሌላ አድናቂ ደግሞ ስሙን፣ ፕላኔቱን፣ መሣሪያውን ሁሉ በካርድ ላይ እየጻፉ ይሰበስቡ ነበር። ቢጆ ያንን አደራጅተው «ኮንኮርዳንስ»፣ ማውጫ እንደማለት ነው፣ ብለው በ1969 ራሳቸው አሳተሙት። ሥዕሎቹም የአድናቂዎች ናቸው። ማንም አልቀጠራቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም።

በ1976 ባለንታይን የተባለው አሳታሚ መጽሐፉን ለሰፊው ገበያ አወጣው። የዚያን እትም ሽፋን እዩልኝ። የምትሽከረከር ክብ ወረቀት አለችበት። በጣታችሁ ስታዞሯት የክፍሎቹን ርዕስ እያሳየች ወደምትፈልጉት ገጽ ትመራችኋለች። ወረቀትና ቀለም ብቻ ናት፤ ባትሪ የላት፣ ምን የላት። ማውጫን ሽፋን ላይ አውጥቶ መጫወቻ ማድረግ! ይህን ያሰበ ሰው አንባቢው መጽሐፉን እንዴት እንደሚይዘው ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ምወዳቸው ሰው ልምጣ። ፍራንዝ ጆሴፍ ይባላሉ። በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ፣ በጄነራል ዳይናሚክስ የአውሮፕላን ሥራ ንድፍ አውጪ የነበሩ ናቸው። ልጃቸውና ጓደኞቿ የድራማውን ዕቃዎች አስመስለው ሲሠሩ አዩ። እሳቸው ደግሞ ልኬቱ የማይገጥም ነገር አይወዱም። ስለዚህ ከፊልሙ ቁራጭ ምስሎች እየተነሱ፣ እያሰሉ፣ መሣሪያዎቹን በልካቸው መሣል ጀመሩ። ከዚያ ኢንተርፕራይዝ የተባለችውን መንኮራኩር ራሷን ጀመሩ። ፎቅ በፎቅ።

ውጤቱ በ1975 ታተመ። አንደኛው 12 ትልልቅ ወረቀት ያለው የመንኮራኩሯ ፕላን ነው። ቤት ሊሠራ የተነሳ ሰው የሚይዘው ዓይነት ፕላን ነው። መኝታ ክፍሉ፣ መጋዘኑ፣ መተላለፊያው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ታች ወርዳችሁ ብታዩ የቦውሊንግ መጫወቻ ታገኛላችሁ! በድራማው ታይቶ አያውቅም። ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ለዓመታት በጠፈር ላይ ሲኖር የሆነ ቦታ መዝናናት አለበት። ሰውዬው የጠየቁት ጥያቄ ይሄ ነው፤ እዚህ የሚኖረው ሰው ምን ያስፈልገዋል?

ሁለተኛው «የስታር ፍሊት ቴክኒካል ማኑዋል» ነው፤ ስታር ፍሊት በድራማው ውስጥ መንኮራኩሯ የምታገለግለው የጠፈር ኃይል ነው። የመገናኛ መሣሪያው ንድፍ አለው። የደንብ ልብሱ አቆራረጥ አለው፤ ለሰፊ ብትሰጡት መሥራት ይችላል። በድራማው ውስጥ ያለው የፕላኔቶች ኅብረት፣ የፌዴሬሽኑ ቻርተር ሳይቀር አለው፤ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ተከትሎ የተጻፈ። መጽሐፉ የኒው ዮርክ ታይምስን የሽያጭ ዝርዝር አናት ያዘ። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ በኋላ ከዚህ ሥራ ራሳቸውን አርቀዋል። ያም ሆኖ ከንድፎቹ አንዳንዶቹ በቀደምት የስታር ትሬክ ፊልሞች ውስጥ በመንኮራኩሯ ስክሪኖች ላይ ታይተዋል። ተመልካች ቤቱ ቁጭ ብሎ የሣለው ፊልሙ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሥዕል ለምትሠሩ ወጣቶች ደጋግሜ የምነግራችሁ ይሄንን ነው።

በ1991 የወጣው ሌላ ቴክኒካል ማኑዋል ግን ከድራማው ሠራተኞች ከራሳቸው የመጣ ነው። ሪክ ስተርንባክና ማይክል ኦኩዳ «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተባለው፣ በኋላ የመጣው የስታር ትሬክ ተከታታይ ባለሙያዎች ነበሩ። መጽሐፉ የተነሳው ለድራማው ጸሐፊዎች ካዘጋጁት መመሪያ ነው። የዛሬው ክፍል ከወር በኋላ ከሚመጣው ክፍል ጋር እንዳይጋጭ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ፍጥነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ጽፈው አስቀመጡ። ኦኩዳ ከባለቤታቸው ከዴኒዝ ጋር የስታር ትሬክ ኢንሳይክሎፒዲያንም ሠርተዋል፤ በ1994 ወጣ፣ በ2016 ደግሞ ሰፍቶ ሁለት ትልልቅ ቅጽ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ የምትቀርብ አንዲት ነገር አለች። በዚሁ ተከታታይ ውስጥ የመንኮራኩሯ ዋና መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅ፣ ያ ዓይኑ ላይ መሣሪያ የሚያደርገው፣ የትውልድ ቦታው ሞቃዲሾ ነው። ጎረቤታችን! ድራማው ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አልፏል። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ማን ያነበዋል? እንዲህ ያለውን ነገር ለቅሞ የሚያኖርልን ማውጫና መዝገበ ቃላት የሚሠራው ሰው ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚወጡት አንዳንድ መጻሕፍት ግን አያጠግቡኝም። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ፎቶው ትልቅ ነው። ያን ፎቶ ግን ስልኬ ላይም አገኘዋለሁ። የምፈልገው ፎቶው የማያሳየኝን ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ቧንቧ፣ የበሩን አከፋፈት፣ የወንበሩን ቁመት። እሱን የሚሰጠኝ እርሳስ የያዘ ሰው ነው።

ፕላኑንና ኮንኮርዳንሱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ፕላኑን ዘርግታችሁ እዩት፣ ይቀደዳል ብላችሁ አትፍሩ። ክቧንም አሽከርክሯት። ሣሉም፣ ጠይቁኝም፤ እስኪዘጋ ድረስ እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ።