ጄኔራልን የሚሾመው ማን ነው? የጎንደር አድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአዘዞ የደወሉ አባት፦ «ጡረታ የወጣሁ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ሚኒስትር ሲሾም ፓርላማው እጅ ሲያወጣ በቴሌቪዥን አያለሁ። ጄኔራል ሲሾም ግን አንድም ቀን አላየሁም። ያመለጠኝ ነገር አለ?»

አባቴ፣ ምንም አላመለጥዎትም። በእኛ አገር የጄኔራል ማዕረግ ለፓርላማ ድምፅ አይቀርብም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ የመስጠትን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። አቅራቢው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንቀጽ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በገና ሰሞን ብርሃኑ ጁላ ፊልድ ማርሻል ሲሆኑ ማዕረጉን የሰጡት ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይምታታብን። ማዕረግ ትከሻ ላይ የሚውለው ነው። ሹመት ደግሞ ወንበሩ ነው፤ ለምሳሌ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹምነት። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ፊታውራሪ ጥንት ከፊት ያለውን ጦር የሚመራው ነበር፤ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን። ኋላ ማዕረጉ ከጦር ሜዳው ተላቀቀና ጦር ሳይመራም ፊታውራሪ የሚባል ሰው በዛ። ያን ጊዜ ሰጪው ንጉሡ ነበር፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት አልነበረም።

ከማራኪ የደወለች ተማሪ፦ «አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የጄኔራሎችን ሹመት አገደ የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው እህቴ። እዚያ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ሌላኛው ምክር ቤት አይገባበትም። ሴኔቱ 100 አባላት አሉት፤ ስሞቹ መጀመሪያ ወደ ጦር ኃይሎች ኮሚቴው ይሄዳሉ። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ በጅምላ ቀርቦ፣ ተቃዋሚ ከሌለ፣ በአንድ አፍታ ያልፋል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሴናተር «አልስማማም» ካለ እያንዳንዱ ስም ለብቻው ድምፅ ሊሰጥበት ግድ ይላል፤ ይህ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የአላባማው ሴናተር ቶሚ ተበርቪል ያደረጉት ይህንኑ ነው። መከላከያው ፅንስ ለማቋረጥ ወደ ሌላ ግዛት ለሚሄዱ ወታደሮች የጉዞ ወጪ መሸፈኑን ተቃወሙ። ወደ 10 ወር በሚጠጋ ጊዜ ከ400 በላይ መኮንኖች ተንጠልጥለው ቀሩ። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የማሪን ጓዱ በአንድ ወቅት ሦስቱም የጸደቀ አዛዥ አልነበራቸውም። ከመመሪያው ጋር ምንም ንክኪ የሌለው መኮንን ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ወደ አዲሱ ምድቡ ይሂድ ወይስ ይቆይ? ይህ ያሳዝነኛል።

ቢሆንም ምክር ቤት ይቅርብን አልልም። እኔ ብጠየቅ፣ ቢያንስ ኤታማዦር ሹም የሚሆነው ሰው በቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቢጠየቅ እወዳለሁ። ጅምላ ዝርዝር የሚያግት ሥልጣን ግን ለአንድ ሰው አልሰጥም።

ከፒያሳ የደወሉ እናት፦ «ታዲያ የኛ ፓርላማ በሠራዊቱ ላይ ምን ሥልጣን አለው?»

አለው እንጂ፣ እማማ። የመከላከያ ሚኒስትሩን ሹመት ያጸድቃል። አንቀጽ 87 ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን አለበት ይላል፤ በ2011 አይሻ መሐመድ የተሾሙት በዚሁ መንገድ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው፣ የሠራዊቱን አደረጃጀት በሕግ የሚወስነውም ፓርላማው ነው። ባለሥልጣን ጠርቶም መጠየቅ ይችላል።

የአዘዞው አባት ስልኩን ሳይዘጉ «የእኔስ ሃምሳ አለቃነት ፕሬዚዳንት ጋ ደርሶ ነበር?» ብለውኛል። አልደረሰም አባቴ። እሱ እዚያው ሠራዊቱ ውስጥ ያለቀ ነው፤ የሰጡዎትም ሲሠሩ ያዩዎት አዛዦች ናቸው።