በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በድሬዳዋ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ ደናግል እኅቶች፣ ውድ መምህራኖቻችን፣ የማኅበራችን አባላትና የዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፤

እንኳን በሰላም መጣችሁ። የደንገጎን ዳገት ወርዳችሁ ከሐረር፣ እንዲሁም ከጅጅጋ፣ ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ ለዚህ ቀን ብላችሁ የተገኛችሁትን በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ያረፉ መምህራንና አባላት አሉን፤ በሕሊና ጸሎት አስበናቸዋል፤ ቤተሰቦቻቸውም ዛሬ ከመካከላችን ስለተገኙ ክብር ይሰማናል።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የተሰጠኝን ሰዓት የምጠቀምበት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይህ የሃይማኖት ትምህርት ቤት በምን መንፈስ አሳደገን፣ ያንን መንፈስ ለማቆየትስ ምን ይጠበቅብናል? ጥያቄውን ያነሣሁት ጊዜው ስላስገደደን መሆኑን ወደ ኋላ አስረዳለሁ።

የትምህርት ቤታችን ሥር ከድሬዳዋ ከተማ ዕድሜ ይቀድማል። የካቶሊካዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ጉልየልሞ ማሳያ በ1838 ዓ.ም. የዚህ ሐዋርያዊ ተልእኮ የመጀመሪያ ጳጳስ ሆነው ከተሾሙ በኋላ በመነኮሳቱ ላይ ብዙ ስደትና እንግልት ቢደርስም፣ በ1873 ዓ.ም. ሞንሴኞር ቶረን ካኻኝ ሐረር ገብተው ሚሲዮኑን መሠረቱ። ሐረር ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ግብፆች ወጡ፣ አሚር አብዱላሂ ገዙ፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላም በጥር 1879 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ከተማዋን ያዘ። በእነዚህ ሁሉ መፈራረቆች መካከል መነኮሳቱ የተማመኑት በሚያስተምሯቸው ልጆችና በሚያክሟቸው ሕሙማን ነበር። የሐረር ሰው አቡነ እንድርያስ ብሎ የሚጠራቸው ሞንሴኞር ዣሮሶ በ1892 ዓ.ም. ጵጵስና ሲሾሙ፣ ሚሲዮኑ በጁገል ግንብ ውስጥም በውጭም የታወቀ ቤት ሆኖ ነበር። በሐረር የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያም የእነዚሁ አባቶች ሥራ ነው፤ በዚያ የጀመረው ማተሚያ ቤት ኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ጋዜጣና መጻሕፍት አትሟል። ትምህርት፣ ሕክምናና ኅትመት በአንድ ሚሲዮን ሥር መኖራቸውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ፤ እኛ በተማርንበት ቤት ዕውቀት ከርኅራኄ ተለይቶ የማይሰጥበት ምክንያት ከዚያ የመጣ ነውና።

ከዚያ ዘመን ሰዎች አንድ ሰው ላይ ጥቂት ልቆይ። ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር በፈለጉ ጊዜ አቡነ እንድርያስ የሰጧቸው በሚሲዮኑ የተማሩትን ኢትዮጵያዊ፣ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን ነበር። ተማሪው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ፣ መምህሩ ካቶሊክ፣ ከተማዋ ደግሞ የእስልምና ትምህርት ማዕከል የነበረችው ሐረር ናት። አባ ሳሙኤል የልጁን እምነት ሳይነኩ ዕውቀታቸውን ሰጡት፤ ተማሪውም ንጉሠ ነገሥት ከሆነ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ በፍቅርና በአክብሮት አነሣቸው። በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ታንኳ ሰጥማ አባ ሳሙኤል ሲያልፉ ደጃዝማች ተፈሪም አብረው ተሳፍረው ነበር፤ መምህሩ ተማሪያቸውን ለማዳን ሲሉ እንደ ሞቱ በአገሩ ይነገራል። እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ነው። ያስተማሩን አባት ስለ ሞታቸው ብዙም አልተናገሩም፤ አጥብቀው የነገሩን መምህር ማለት ተማሪውን ወደ ራሱ ወገን የሚስብ ሳይሆን ተማሪው ባለበት ቆሞ የሚያሳድግ ሰው መሆኑን ነበር።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ አዲስ ሐረር ተብላ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ እስከ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ከየአቅጣጫው ሰው መጣ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በገዚራና በመጋላ ሰፈረ። የሸመንደፈር፣ ማለትም የባቡሩ፣ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ ያወቀ ልጅ እንጀራ አገኘ ማለት ነበር፤ ፈረንሳይኛ የሚማርበት አንዱ ደጅ ደግሞ ሚሲዮን ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ መነኮሳቱና ወደ ደናግሉ ያመጡት በአብዛኛው ለእምነት ብለው አልነበረም፤ ልጃቸው ሥራ እንዲይዝ፣ ሰው እንዲሆን ብለው ነበር። ሚሲዮኑም ይህን እያወቀ ተቀበላቸው። ለእኔ የትምህርት ቤታችን ትልቁ ታሪክ ይህ መቀበል ነው።

ለዚህ ምስክር የምጠራው በመዝገብ ቤታችን ያሉትን የቆዩ የተማሪ መዝገቦች ነው። ጠርዛቸው በጨርቅ የተጠረዘ፣ ገጻቸው የወየበ፣ በቀለም ብዕር የተሞሉ ትልልቅ ደብተሮች ናቸው። ከተማሪው ስም ቀጥሎ የአባት ሥራ የሚጻፍበት ዓምድ አለ። አንዱን ገጽ ገልጬ ወደ ታች ሳነብ የባቡር ቴክኒሻን፣ ልብስ ሰፊ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ዘበኛ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ እንደገና ዘበኛ ይላል። የዘበኛው ልጅና የነጋዴው ልጅ ተራ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። ክፍያ በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ በአንዳንዶቹ ስም አንጻር መጠኑ በቀጭን መስመር ተሰርዞ ከጎኑ የዲሬክተሩ አጭር ፊርማ ብቻ ተቀምጧል። ያ ፊርማ ልጁ በነጻ ይማር ማለት ነበር። እኛ አብረን ስንቀመጥ ማን ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደሚማር አናውቅም ነበር፤ እንዳናውቅ ተብሎ ነበር በዚያ መልክ የሚጻፈው።

የጠዋቱን ሰልፍ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ድሬዳዋ ፀሐይዋ ሳትበረታ መጀመር ግድ ስለሆነ በማለዳ እንሰለፋለን፤ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ደወሉ አንድ ጊዜ ይደወልና ሜዳው ጸጥ ይላል። በዚያች አጭር ጸጥታ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ያማትባል፣ ሙስሊሙ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ማንም የማንንም ጸሎት አይመራም። ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩት ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ሌሎቻችን ወደ ቤተ መጻሕፍት እንሄድ ነበር። አርብ የምሳ ዕረፍቱ ለጁምዓ ሰላት ይበቃ ዘንድ ይረዝማል። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ወቅት ጿሚዎች በቀትር እንዳይሮጡ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ወደ ማለዳ ይዛወር ነበር። ይህን ሁሉ የሚያዝ የተጻፈ ደንብ ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ዘመን የሃይማኖት ጥርጣሬ አገራችንን በነካባቸው ወቅቶች ሁሉ ያቺ ጸጥታ ትዝ ትለኛለች፤ የእምነት ሰዎች የሚመሩት ቤት በእምነቱ ጽኑ ስለሆነ ነው የሌላውን እምነት ያልፈራው ብዬም አምናለሁ።

ሁለተኛው ልማዳችን የፈተና ልማድ ነው። የሒሳብ መምህራችን ጥያቄዎቹን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አራግፈው ይወጡ ነበር። በሩን አይዘጉትም። ሰዓቱ ሲሞላ ሞኒተሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ያደርስላቸዋል። ለመኮረጅ የሚመች ክፍል ነበር፤ ግን ከታመነ ሰው መስረቅ ነውር ነው የሚል ስሜት በመካከላችን ስለነበረ የጎን ጓደኛን ወረቀት ማየት በጓደኞች ፊት አንገት ያስደፋ ነበር። ያላወቀው ልጅ ደግሞ ብቻውን አይተውም፤ ከሰዓት በኋላ የበላይ ክፍል ተማሪዎች በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ያስጠኑት ነበር። ሁለቱ ልማዶች ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ ማስጠናቱ ባይኖር ኖሮ እምነቱ በደካማው ተማሪ ላይ ጭካኔ ይሆንበት ነበር።

ጊዜው አስገድዶናል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትን ለመከላከል ተብሎ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ አልተሻሻለም። ይህን ቁጥር የሰማን ሰዎች ልጆቹን መውቀስ አይገባንም፤ ለዓመታት በኩረጃ ሲያልፉ ዝም ያላቸው ትልቁ ሰው ነው። የፌደራል ፖሊስ በር ላይ ማቆም ፈተናን ከስርቆት ሊጠብቅ ይችላል፤ መምህሩ በሩን ከፍቶ የሚወጣበትን ክፍል ግን ሊፈጥር አይችልም። ያንን የሚፈጥረው ትምህርት ቤትና ቤተሰብ፣ እንደ እኛ ያለ ማኅበርም ነው።

ሌላው ጉዳይ የደጁ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤታችን ብዙ አልፏል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ፈረንሳውያኑ ካፑቺኖች ከሥራቸው ተፈናቀሉ፤ አቡነ እንድርያስም ሐረርን ለቀው በ1933 ዓ.ም. በአገራቸው በቱሉዝ አረፉ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን የሕዝብ ንብረት የሚያደርግ አዋጅ ሲያወጣ በየአገሩ ስንቱ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስሙንና አስተዳደሩን እንዳጣ ታውቃላችሁ። የአሁኑ ፈተና ከእነዚያ ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። የድሮው ባቡር ቆመ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ጣቢያው ከከተማው ወጣ፤ በሸመንደፈር ደመወዝ ልጆቹን ያስተማረ ቤተሰብ ዛሬ በባጃጅና በጉልት ገቢ ይኖራል። የመምህራን ደመወዝ፣ የመጽሐፍና የላቦራቶሪ ዕቃ ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ትምህርት ቤቱ ክፍያውን ከፍ ቢያደርግ አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ በፊርማ የተሰረዘው የክፍያ ዓምድ ሰራዥ ካጣ፣ መዝገቡ ወደፊት የአንድ ዓይነት አባቶች ልጆች ብቻ የሚጻፉበት ይሆናል።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ሐሳቦችን ለውይይት ያቀርባል። የመጀመሪያውና ዋነኛው መክፈል የማይችሉ ተማሪዎችን ክፍያ የሚሸፍን ቋሚ ፈንድ ማቋቋም ነው፤ የረዳውም የተረዳውም ስም እንዳይገለጥ፣ ምርጫውም በእምነትና በብሔር እንዳይሆን በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲሰፍር እንጠይቃለን። ሁለተኛው፣ በከተማችን የሚኖሩ አባላት ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ እንዲያስጠኑ መርሐ ግብር መዘርጋት ነው። ሦስተኛው፣ የቆዩት መዝገቦችና ፎቶግራፎች በስካነር እንዲነሡ፣ በሕይወት ያሉ አረጋውያን መምህራንም ቃላቸው እንዲቀዳ ማድረግ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከነፍስና ከቤት ሌላ ስንት ቤተሰብ ፎቶግራፉንና ሰነዱን እንዳሳጣ የድሬ ልጅ አይረሳውም፤ መዝገቦቻችንን በአንድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ብቻ መተው ተገቢ አይደለም።

ውድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ዛሬ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁት ለታዳሚነት ብቻ አይደለም። በአጀንዳው ላይ የመናገር መብት ስላላችሁ ከእኛ ዘመን የቀረውንና የተለወጠውን በግልጽ ንገሩን፤ ያቺ የጠዋት ጸጥታ ዛሬም ካለች እንዴት እንደምትጠበቅ ከእናንተ መስማት እንፈልጋለን። ክቡራን አባቶችና እኅቶች፣ ፈንዱን በተመለከተ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር አስተያየት ከድምፅ መስጠቱ በፊት እንዲሰማ ጊዜ ይዘንላችኋል።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ጸሐፊያችን ስላረጋገጡልኝ፣ የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ የተከፈተ መሆኑን አበሥራለሁ። የሥራ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን ጸሐፊያችንን ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።