አንድ ቀን ሳያሸንፉ ቱሩን ማሸነፍ፣ እና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

የዚህ ሳምንት የአድማጮች መስመራችን በየዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ ስለሚካሄደው ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ ስለ ቱር ደ ፍራንስ አሸናፊዎች ነበር። ስልኩ የጮኸው በብዛት ከከተማው ዳር ነው፤ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሰንዳፋ። በአየር ላይ በችኮላ የመለስኳቸውን እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሱሉልታ የደወለ ወጣት፦ «ከጓደኞቼ ጋር ተወራርደናል። አንድም ቀን አንደኛ ሳይወጣ ቱሩን ያሸነፈ ሰው አለ እላለሁ። እነሱ ቀልድ ነው ይላሉ። ማን ይክፈል?»

እነሱ ይክፈሉ! እንዲያውም አንድ ብቻ አይደለም። ሮጀር ዋልኮቪያክ በ1956፣ ግሬግ ሌሞንድ በ1990፣ ክሪስ ፍሩም በ2017፣ ኤጋን በርናል በ2019 እንዲህ አድርገው አሸንፈዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቱሩ በአሁኑ ጊዜ 21 የቀን ውድድሮች አሉት። ለአጠቃላይ አሸናፊነት የሚታየው ሰዓት ነው። በየቀኑ የፈጀብህ ሰዓት ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰለት ቢጫውን ማሊያ ይለብሳል። ሜዳ በሆነ ቀን መቶ ምናምን ሰው ተጠጋግቶ ከገባ ለሁሉም ያው ሰዓት ይጻፍላቸዋል። አንደኛ ለወጣው ጥቂት ሰከንድ ይቀነስለታል፣ በቃ። ስለዚህ ብልጡ ሰውዬ ሜዳው ላይ ከመውደቅ ብቻ ራሱን ይጠብቃል። ጉልበቱን ለዳገቱ፣ እንዲሁም ብቻውን ከሰዓት ጋር ለሚፎካከርበት ቀን ያስቀምጣል።

የዋልኮቪያክን ነገር ልጨምርልህ። በሰባተኛው ቀን 31 ሰዎች ያሉበት ቡድን አምልጦ ወጣ። ትልልቆቹ ስሞች «አንተ አሳድ፣ አንተ አሳድ» እየተባባሉ ሲተያዩ ልዩነቱ ከ18 ደቂቃ በላይ ሆነ። ካመለጡት አንዱ ዋልኮቪያክ ነበር። ቢጫውን ያዘ፣ ተነጠቀ፣ ተራራው ላይ መልሶ ወሰደው። ፓሪስ ሲገባ በ1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ይመራ ነበር። የገዛ አገሩ ሰዎች ግን ድሉን የዕድል ጉዳይ ነው እያሉ ለዓመታት አንቋሸሹበት። በእኔ እይታ ግፍ ነው። ያልተከተሉት ትልልቆቹ፣ የሚወቀሰው እሱ!

ደግሞ ለጓደኞችህ ንገራቸው፤ ከ1905 እስከ 1912 አሸናፊው የሚለየው በሰዓት ሳይሆን በየቀኑ በወጣበት ደረጃ በሚሰላ ነጥብ ነበር። ያኔ ቢሆን ኖሮ ትንሽ የሚከራከሩበት አፍ ያገኙ ነበር።

ከለገጣፎ፣ ተማሪ ናት፦ «በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የታየው ትንሹ ልዩነት ስንት ነው?»

8 ሰከንድ። ይህን ባትጠይቂኝም አወራው ነበር።

መጀመሪያ ግን ትልቁን ስሚ። በ1903 የመጀመሪያው ቱር ሲካሄድ 60 ሰዎች ተነሱ፣ የጨረሱት 21 ብቻ ናቸው። አሸናፊው ሞሪስ ጋረን ሁለተኛውን የበለጠው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ምሳ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተኝቶ መጠበቅ ይችል ነበር።

አሁን ወደ 1989 እንምጣ። የመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር። ፈረንሳዊው ሎረን ፊኞን በ50 ሰከንድ ይመራል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። አሜሪካዊው ሌሞንድ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አደን ላይ በስህተት በጥይት ተመትቶ ለጥቂት ከሞት የተረፈ ነው። በዚህች አጭር መንገድ 50 ሰከንድ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር።

ሌሞንድ ክንዶቹን ወደፊት ዘርግቶ የሚያሳርፍበት መሪ ብስክሌቱ ላይ አስገጥሟል። ራሱ ላይ ከኋላ የሾለ የራስ ቁር አድርጓል። ፊኞን ቁር የለውም፤ ጸጉሩን ከኋላ አስሮ፣ ደረቱን ለንፋሱ ሰጥቶ ነው የሚነዳው። በዚያ ላይ መቀመጫው ቆስሎ ነበር። ሌሞንድ በሰዓት ከ54 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ገባ። ፊኞን 58 ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰና መንገዱ ላይ ተዘረረ።

ኃይሌና ቴርጋትን ሲድኒ ላይ የለያቸው 9 መቶኛ ሰከንድ መሆኑን እናውቃለን። ያ ግን የ27 ደቂቃ ሩጫ ነው። እነዚህ ከ87 ሰዓት በላይ ነድተው ነው በ8 ሰከንድ የተለያዩት። ንፋሱን ችላ ማለት ፊኞንን ምን እንዳስከፈለው አስቢው።

የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። በ2024 ፖላንዳዊቷ ካሻ ኔቪያዶማ ኔዘርላንዳዊቷን ዴሚ ቮለሪንግን የቀደመችው በ4 ሰከንድ ነው።

ከቡራዩ የደወሉ አባት፦ «ያ ሰባት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊ ከተሰረዘ፣ ለሁለተኛው ለምን አልሰጡትም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸው ሰባት ድሎች በ2012 በዶፒንግ፣ ማለትም የተከለከለ አበረታች በመውሰድ ምክንያት ተሰረዙ። የእነዚያ ዓመታት የአሸናፊ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

ለሌሎች ግን ተሰጥቷል። የ2006ቱ አሸናፊ ፍሎይድ ላንዲስ ሲሰረዝ ኦስካር ፔሬይሮ ተተካ። የ2010ሩ አልቤርቶ ኮንታዶር ሲሰረዝ አንዲ ሽሌክ ተተካ። የአርምስትሮንግ ጊዜ ችግሩ ከአጠገቡ የቆሙትም ንጹሕ አለመሆናቸው ነው። ሦስት ጊዜ እሱን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣው ጀርመናዊው ያን ኡልሪክ ራሱ በዶፒንግ ተቀጥቷል። ማሊያውን ከአንዱ ገፍፎ ለሌላው ማልበስ ምን ይጠቅማል? ባዶ መተዉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማጭበርበር ደግሞ የዘመኑ ልጆች የፈጠሩት አይደለም። በሁለተኛው ቱር፣ በ1904፣ ያው ጋረን ዳግም አንደኛ ወጣ። ባቡርና መኪና ተጠቅመዋል የሚለው ወሬ ሲናፈስ ቆይቶ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት በሙሉ ተሰረዙ። ድሉ ለአምስተኛው ለአንሪ ኮርኔ ተሰጠ። ገና 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። እስከ ዛሬ ከእሱ ያነሰ አሸናፊ የለም።

ከሰበታ በጽሑፍ መልእክት፦ «ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ማን ነው? ማሊያውስ ለምን ቢጫ ሆነ?»

አምስት አምስት ጊዜ ያሸነፉ አራት ናቸው፦ ዣክ አንክቲል፣ ኤዲ መርክስ፣ በርናር ኢኖ፣ ሚጌል ኢንዱራይን። ስሎቬንያዊው ታዴ ፖጋቻር እስከ 2025 ድረስ አራት አድርሷል። ፈረንሳዮች ከኢኖ የ1985 ድል ወዲህ በወንዶቹ ጾም ላይ ናቸው። ቢጫው በ1919 የመጣ ነው። ውድድሩን ያዘጋጅ የነበረው ሎቶ ጋዜጣ የሚታተመው በቢጫ ወረቀት ነበር።

ከሰንዳፋ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ብስክሌት ካልነዳሁ ብሎ አስቸግሮኛል። ከእኛ አገር እዚያ የደረሰ አለ ወይ?»

አለ፣ እናቴ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ብስክሌት ለእኛ እንግዳም አይደለም። አገራችን በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው።

አጠቃላዩን ያሸነፈ ጥቁር አፍሪካዊ እስካሁን የለም። አራት ጊዜ ያሸነፈው ፍሩም ናይሮቢ ይወለድ እንጂ ድሉ የተመዘገበው በብሪታንያ ስም ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ቀን አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። እሱ በነጥብ የሚገኝ ነው፤ የፈጣን ጨራሾች ሽልማት ነው።

ለልጅዎ ክለብ ይፈልጉለት። ብቻውን ሆኖ ቱር የሚያሸንፍ የለም። ዛሬ አንድ ቡድን ስምንት ሰው ነው። ሰባቱ ቀኑን ሙሉ ንፋስ እየከለሉ፣ ውኃ እያቀበሉ መሪያቸውን ተሸክመውት ነው የሚውሉት። ይህን ቶሎ የተማረ ልጅ ይቀድማል።

ከሱሉልታ ሌላ አድማጭ፦ «እኛ የምንኖርበት ከፍታ ከቱሩ ተራራ ይበልጣል ይባላል። እውነት ነው?»

ከፍታውን ካልክ፣ እንጦጦ ይበልጣል። ቱሩ ወጥቶት የሚያውቀው ከፍተኛው መንገድ ላ ቦኔት ላይ ነው፣ 2,802 ሜትር። የእንጦጦ አናት ከ3,000 በላይ ነው። ሱሉልታ ግን ትንሽ ዝቅ ትላለች።

ግን አትኩራ። እነሱን የሚገድላቸው የዳገቱ ርዝመት ነው። አልፕ ዱዌዝ የሚባለው 13.8 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዳገት ነው፣ 21 ጥምዝ አለው። ከሥር እስከ አናት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ እዚያ የሚደርሱት ሌላ ተራራ ወይም ሁለት ወጥተው ከወረዱ በኋላ ነው። እኛ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው ያለን። የእነሱን ያህል ለመሥራት ሦስት አራቴ መመላለስ ሊኖርባችሁ ነው። በማለዳ አድርጉት፤ ረፈድ ካለ በጎጃም መንገድ ቁልቁል የሚመጡት ከባድ መኪኖች ለብስክሌት ቦታ አይሰጡም።