ሳንቲሟ የት ሄደች?

አቦ ድሬዎች እንዴት አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ ቀን ቀን ከዚራ ሰፈር ሰዓት እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ደሞ ማጂክ እለማመዳለሁ፣ ይኸው 11 አመቴ። እናቴ መጀመሪያ ሳንቲም ከእጄ ሲጠፋ ያየች ቀን በስመአብ ብላ አማትባ ጸበል ካልወሰድኩህ ብላኝ ነበር፣ ዛሬም ጥንቆላ ነው የሚለኝ አለ፣ ስለዚህ እዚሁ ፊታችሁ ልናገር፣ መንፈስ ምናምን የለውም፣ ጣት ነው።

ይቺን የአንድ ብር ሳንቲም እዩዋት። መዳፌ መሀል ትገባና ከአውራ ጣቴ ስርና ከትንሿ ጣቴ ስር ያለው ስጋ ጨብጦ ይይዛታል፣ መያዙስ ቀላል ነው፣ ከባዱ እጄ ባዶ እንደሆነ ሰው እጅ ዘና ማለቱ ነው፣ አንዷ ጣት ከደረቀች አለቀ፣ ሁሉም ይነቃል። ሳንቲሟን እንደያዝኩ ሻይ እየጠጣሁ፣ ለባጃጅ እየከፈልኩ፣ ሰው እየጨበጥኩ ስንት ወር ለፍቻለሁ። ከዛ ደሞ አይን አለ፣ እኔ ግራ እጄን ሳይ እናንተም ግራዬን ታያላችሁ፣ ቀኜ ስራውን የሚጨርሰው ያኔ ነው።

አንዴ ሳቢያን ሰፈር ሰርግ ላይ ካርታ ስበውዝ በላብ ተጣብቀው ሁለት ካርታ አንድ ላይ ወጡ፣ ከፊት የነበረች ህጻን "ሁለት ነው!" ብላ ጮኸች። በጣም ነው ያመመኝ፣ ሙሽሮቹ አምነውኝ ነበር የጠሩኝ። ከዛ ወዲህ ግንቦትና ሰኔ ካርታ ይዤ መድረክ አልወጣም።

ፈረንሳዊው ሮበር ኡዳን፣ የዘመናዊ ማጂክ አባት የሚሉት፣ እሱም ሰዓት ሰሪ ነበር፣ ይሄን የሰማሁ ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም። ከሁሉም የምወደው ግን አርጀንቲናዊውን ሬኔ ላቫንድን ነው፣ በ9 አመቱ መኪና ቀኝ እጁን አሳጣው፣ በቀረችው ግራ እጁ ብቻ ካርታ እየበወዘ ሰው ሲያስደምም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015 አረፈ። የሰፈሬ ልጅ "እጄ ትንሽ ነው አልችልም" ሲለኝ የላቫንድን ቪዲዮ ከፍቼ አሳየሁት፣ ምንም አላለኝም፣ በነጋታው ሳንቲም ይዞ ሱቄ መጣ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ላኩልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ በነጻ አሳያቸዋለሁ፣ ያለምንም ክፍያ። አንዳንድ ብር ሳንቲም ይያዙ፣ ካርታ አያምጡ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ይቆየን።