ክርኔን ሳይሆን ሲኖውን የሚያሳይ ስፖኪዮ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ስፖኪዮ ነው። አዎ፣ ስለ ሞተር ስፖኪዮ፣ ሙሉውን ክፍል። «ሌላ ወሬ አጣህ ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አብሽሩ፣ ወሬ አላጣሁም። ሰሞኑን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ባወራ ማስመሰል ይሆንብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምነዳው ፑልሳር አርኤስ 200 ነው። እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ዳር አቁሜው አንድ ባጃጅ ሲዞር የግራ ስፖኪዮዬን ገንጥሎት ሄደ። አልቆመም። እኔም አልደረስኩበትም። እሱን እንተወው።

አርኤስ 200ን የሚያውቅ ያውቃል፣ ኢንጂኑ ኤንኤስ 200 ከሚባለው ሌላው ፑልሳር ጋር አንድ ነው። ካንዴላ በሉት (ሦስት ካንዴላ ነው ያለው፣ ይሄንን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ)፣ የዘይት ፊልትሮ በሉት፣ የፍሪሲዮን ሸራ በሉት፣ ትንሽ ዞር ዞር ካላችሁ ይገኛል። ስፖኪዮው ግን ሌላ ነው። የኤንኤስ መሪው ላይ ነው የሚታሰረው። የአርኤስ ደግሞ የፊቱ ፕላስቲክ ላይ ነው የሚቀመጠው። እና መለዋወጫ ቤቶቹ የቦክሰር፣ የአፓቼ፣ የኤንኤስ ስፖኪዮ ሞልቷቸዋል። የእኔ ዓይነት የለም። ያለኝ ምርጫ ከውጭ የሚመጡትን «ለሁሉም ይሆናል» የሚባሉትን አይቶ አንዱን ማመቻቸት ነበር።

አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። መደርደሪያው ላይ የተሰቀለ አንድ ስፖኪዮ ዓይኔን ሳበው። ጥቁር አልሙኒየም፣ ጫፉ የሾለ፣ መስታወቱ ሰማያዊ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። አንስቼ አገላብጬ አየሁት፤ ፊቴንም አየሁበት። ሰውዬው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«አንተ ልጅ፣ ይሄን የምትገዛው ኋላህን ልታይ ነው ወይስ ጠጉርህን ልታበጥር?» አሉኝ።

ሳቅኩ። «ምነው ጋሼ፣ አይሆንም?» አልኳቸው።

«ይሆናል። ልጆቹ ሁሉ የሚወስዱት ይሄን ነው። አንተ ግን ኮምቦልቻ ትመላለሳለህ አላልክም?»

ሻጭ ሆኖ እንዲህ የሚል ሰው ብርቅ ነው። ጥያቄያቸውን ይዤ ነው የወጣሁት። ኮምቦልቻ መመላለስና ፒያሳ ላይ መዞር አንድ ዓይነት ስፖኪዮ አይፈልጉማ።

ሐረጎን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን መንገድ፣ የማታውቁ አድማጮች ካላችሁ ልንገራችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ደሴ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ያልባችኋል። መሀል ላይ ያለው ኩርባ በኩርባ ነው። ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የገባው ጭነት ወደ ሰሜን ሲቀጥል የሚወጣው በዚሁ ነው። የተጫነ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል፤ ባዶውን የሚመለስ ሲኖ ደግሞ እየበረረ ይወርዳል። ሚኒባሱ ከሁለቱ መሀል ቀዳዳ ይፈልጋል። ክረምት ከሆነ ጉሙ አለ።

እዚያ ላይ ስፖኪዮ የሚሠራበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ኩርባው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ አይጠቅማችሁም። ሞተሩ ተጋድሟል፣ አንዱ መስታወት አስፋልት፣ ሌላው ገደል ወይ ሰማይ ነው የሚያሳያችሁ። ማየት ያለባችሁ ከመግባታችሁ በፊት ባለችው ትንሽ ቀጥታ ላይ ነው። እዚያም ላይ ዓይናችሁ ከፊት መንገድ ብዙ መራቅ አይችልም። ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ስፖኪዮው «አለ» ወይ «የለም» ብሎ መመለስ አለበት። «እስቲ ቆይ ልየው፣ መኪና ነው ወይስ ክርኔ ነው?» የሚያስብል ከሆነ ለእኔ ስፖኪዮ አይደለም።

የስፖርት ሞተር ትልቁ ችግር ደግሞ ክርን ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትቀመጡት። ክርናችሁ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ትከሻችሁ ይሰፋል። ስፖኪዮው ክንዱ አጭር ከሆነ የመስታወቱ ግማሽ የራሳችሁ ጃኬት ነው። ቦክሰር የሚነዱ ልጆች ቀጥ ብለው ስለሚቀመጡ፣ ስፖኪዮአቸውም ረጅም ዘንግ ላይ ስለሆነ ከእኛ የተሻለ ያያሉ። እኛ የእነሱን ስፖኪዮ «የሽማግሌ» እያልን እንስቃለን። የሚብሰው ደግሞ ጭራሽ ነቅሎ የሚጥለው ነው። ኋላን ማየት የፈሪ ሥራ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ፣ አሁን ከጀመርኩ አልጨርስም።

መጠኑን እንይ። የሞተር ስፖኪዮን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 81። እሱ የሚለው የመስታወቱ ስፋት ከ69 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም ነው። ክብ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 94 ሚሊ ሜትር። ክብ ካልሆነ ደግሞ ውስጡ 78 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ መያዝ አለበት። በደንቡ የተፈተነ ስፖኪዮ ላይ በክብ ውስጥ የእንግሊዝኛውን «E» ፊደልና ቁጥር ታገኛላችሁ። ምልክቱን አስመስሎ ማተም ቀላል ስለሆነ እሱን ብቻ አትመኑ። ማስመሪያ ያዙ። ያ ያማረኝ ሹል ስፖኪዮ ሰፊ በሆነበት ቦታ ላይ እንኳ አራት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አራት ሴንቲ ውስጥ 78 ሚሊ ሜትር ክብ ከየት ይገባል? በቃ፣ ጌጥ ነው።

ሌላው መንቀጥቀጡ ነው። ይሄኛው ትንሽ ደስ የሚል ታሪክ አለው። በ1911 አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ሲደረግ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጎናቸው መካኒክ አስቀምጠው ነበር። ከኋላ የሚመጣውን እያየ የሚነግራቸው እሱ ነው። ሬይ ሃሩን የሚባለው ብቻውን መጣ። ሌሎቹ «አደጋ ነው» ብለው አቤት አሉ። እሱ መኪናው ላይ መስታወት ገጠመና ገባ። አሸነፈም። በኋላ ግን፣ መንገዱ ጡብ ስለነበር መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ምንም አላየሁበትም ብሏል ይባላል። እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የእኔ ስፖኪዮ ያው ነው!

የእኛ ሞተሮች ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። ባለ አንድ ሲሊንደር ይመታል። መስታወቱ ቀላል፣ ማሰሪያው ደረቅ ብረት ከሆነ ምቱ ሁሉ ወደ መስታወቱ ይሄዳል፣ የኋላው መኪና ጭጋግ ይሆናል። ክፋቱ መቼ እንደሆነ አስቡት። ሐረጎን ስትወርዱ ፍሬን እንዳይግል ማርሽ ትቀንሳላችሁ። ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ይጮኻል። ሲጮህ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ስፖኪዮውን አብዝታችሁ በምትፈልጉበት ሰዓት ነው የሚደበዝዝባችሁ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ስፖኪዮ ካነጻጸራችሁ ራሱ ከበድ የሚለውን፣ ከሥሩም ጎማ ያለውን ውሰዱ። ቀላልነት ለሞተር ጥሩ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለስፖኪዮ አይሠራም።

ስለ መስታወቱ ትንሽ። አብዛኞቹ ወጣ ያሉ፣ ትንሽ የጎበጡ ናቸው። የጎበጠ ብዙ ቦታ ያሳያል፣ ግን ሁሉን ያሳንሳል። ያነሰ ነገር ደግሞ ሩቅ ይመስላል። ሩቅ የመሰላችሁ ሲኖ ጀርባችሁ ላይ ነው። ከመጠን በላይ የጎበጠውን፣ ያን ዓሣ ዓይን የሚመስለውን፣ ለዳገትና ለቁልቁለት መንገድ አልመክርም። ሰማያዊው ደግሞ ማታ የመኪና መብራት ይቀንሳል ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ግን ጉሙንም ምሽቱንም አብሮ ያጨልመዋል። ከዓመት ዓመት ደረቅ በሆነ አገር ብኖር ምናልባት። ለደሴ ነጩ ይሻላል።

መሪው ጫፍ ላይ የሚገባውን ዓይነትም አስቤበት ነበር። ብዙ ሰው ይወደዋል። እውነቱን ለመናገር ክርን የሚባል ጣጣ የለበትም፣ ከክርን ውጭ ነው ያለው። ግን መሪው ጫፍ ላይ ያለውን ክብደት አውጥታችሁ ነው የምታስገቡት፣ ያ ክብደት ደግሞ የተቀመጠው እጃችሁ እንዳይደነዝዝ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ስታዞሩም ከፊቱ ፕላስቲክ ጋር እንዳይጋጭ ማየት አለባችሁ። ከዚያ ሁሉ በላይ ሞተሩን ያሰፋዋል። በሰኞ ቀን ሰኞ ገበያ አካባቢ በባጃጅና በሰው መሀል አልፋችሁ ታውቃላችሁ? ይበቃል።

መሪ ላይ በብሎን የሚታሰር ለምትገዙ ልጆች አንዲት ነገር ልበል። ብዙው ሞተር 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፣ ትንንሾቹ ላይ 8 ይገኛል። ያማሃ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። በብዙዎቹ ያማሃዎች ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ጥርስ ግልብጥ ነው፣ ሌላው በሚላላበት አቅጣጫ ነው የሚጠብቀው። ለክፋት አይደለም፤ ከፊት የሆነ ነገር ሲመታው ተላልቶ እንዲዞር ነው። ይሄን ሳያውቅ በቁልፍ እየታገለ ጥርሱን የጨረሰ ስንት ሰው አለ።

ወደ እኔ ልመለስ። በመጨረሻ የገዛሁት ክንዱ ረዘም ያለ፣ ነጭ መስታወት፣ ሁለት ብሎን ያለው ነው። መልኩ? እህ... ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የብሎኖቹ ርቀት ግን ከእኔ ፕላስቲክ ጋር አልገጠመም። ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ በየሞተሩ ይለያያል። አዲስ ቀዳዳ እንብሳው የሚል መካኒክ ነበር፣ እንቢ አልኩ። ፕላስቲኩ አንዴ ከተሰነጠቀ ስፖኪዮ ከማጣት ይብሳል። ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ቶርኖ ቤት ገባሁ። ልጁ በካሊፐር ከመሀል እስከ መሀል ለካ፣ የአልሙኒየም ቁራጭ አነሳ፣ አራት ቀዳዳ በሳው። ሁለቱ ለሞተሩ፣ ሁለቱ ለስፖኪዮው። ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰልኝ። ከሥሩ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የቆረጥነውን ጎማ አደረግን። ብሎኑን ሲያስር በሁለት ጣት ነው ቁልፉን የያዘው። «ፕላስቲክ ነው፣ ጉልበት አይወድም» አለኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ደስ ይለኛል።

አስተካከሉ ግን ቤት ነው የሆነው፣ ሆጤ፣ ግቢ ውስጥ። የጎን ማቆሚያው ላይ ተደግፎ አይስተካከልም፣ ሞተሩ ያዘነብላል። የጎረቤት ልጅ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ። እኔ ሄልሜትና ጃኬት አድርጌ ልክ እንደምነዳው ጎንበስ አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ቆመ።

«ጋሼ፣ እታያለሁ?»

«ትታያለህ። ወደ ግራ ሂድ።»

«አሁንስ?»

«ትታያለህ።»

«አሁንስ?»

ጠፋ። ዞር ብዬ በትከሻዬ ሳይ ከእኔ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በእጅ ሊደረስበት ትንሽ የቀረው ቦታ ላይ ቆሟል። ለምልክት ድንጋይ አስቀመጥንበት። ከዚያ መስታወቱን ወደ ውጭ ገፋሁት፣ የክርኔ ጠርዝ ብቻ እስኪቀር። አድማሱ መሀል ላይ ሆነ። እንደገና ሞከርን። ድንጋዩን ወደፊት አመጣነው፣ ግን የማይታየው ቦታ ጨርሶ አልጠፋም። የትኛውም ስፖኪዮ አያጠፋውም። በግራ ከመቅደም በፊት በትከሻ መዞሩ የሚቀር ነገር አይደለም።

አሁን አንድ ጣጣ ቀርቷል። ግራዬ አዲሱ ነው፣ ቀኜ ኦርጅናሉ። የሁለቱ ጉብጠት አንድ አይደለም። አንድ መኪና በቀኝ ሳየውና በግራ ሳየው ርቀቱ ይለያያል። ለከተማ ምንም አይደል፣ ሐረጎ ላይ ግን ያምታታል። ጓደኞቼ የሚስቁት በመልኩ ነው፣ አንዱ ጆሮ ረጅም አንዱ አጭር እያሉ። እኔን ያስቸገረኝ ርቀቱ ነው። ለቶርኖው ልጅ ሁለተኛዋን ቁራጭ እንዲሠራልኝ ነግሬዋለሁ፣ ልኬቱን ስለያዘው አያስቸግረውም። ቀኙን ፈትቼ እገጥመዋለሁ፣ ኦርጅናሉን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። አርኤስ 200 ያለው የቀኝ ስፖኪዮ ቢሰበርበት እኔ ጋ አንድ አለ። ለዛሬ ይሄው ነው። ደህና ሁኑልኝ።