ኳንተም ያለ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይቆማል?

ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆች ደጋግመው የሚያነሱትን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ኳንተም ቲዎሪ፣ የአተምና የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ፣ ያለ ኮምፕሌክስ ቁጥር አይሆንለትም ወይ? ኮምፕሌክስ ቁጥር ማለት በተለመደው ቁጥር፣ ሪል በሚባለው፣ ላይ በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ 1 የሚሰጥ ቁጥር ሲጨመርበት የሚገኘው ነው።

የጀማሪ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። የኳንተምን ዋና እኩልታ ያወጣው ሽሮዲንገር ራሱ በ1926፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ለፊዚክስ ሊቁ ለሎሬንትዝ በጻፈው ደብዳቤ የኮምፕሌክስ ቁጥር መግባት እንዳልተመቸው ገልጾ ነበር።

ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት እስላለሁ። 90 ዲግሪ ሳዞረው ወደ ላይ ይቆማል። አሁንም 90 ዲግሪ ሳዞረው ወደ ግራ ይመለከታል፤ በኔጌቲቭ 1 ተባዛ ማለት ነው። ሁለቴ ሲደገም ኔጌቲቭ 1 የሚሰጥ ነገር ይኸው፤ የፈለገውም ሁለት ሪል ቁጥር ብቻ ነው። ታዲያ ምኑ ያከራክራል?

የሚያከራክረው የተራራቁ ነገሮች አንድ ላይ ሲሰሉ ነው። ሦስት ተመልካቾች እናስቀምጥ፤ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም። ሉማሜ ላይ ያለ ምንጭ ለደጀንና ለማርቆስ ቅንጣት ይልካል፤ ደምበጫ ያለው ደግሞ ለማርቆስና ለፍኖተ ሰላም። ሁለቱ ምንጮች አይተዋወቁም፤ አንዱ ከሌላው ነጻ ነው። የፊዚክስ ተመራማሪው ሬኑና ባልደረቦቹ በ2021 ያሳዩት ይህን ነው፤ የተለመደው የማጣመሪያ ሕግ፣ ቴንሰር ፕሮዳክት የሚባለው፣ ሳይነካ በሪል ቁጥር ብቻ ከተሰላ፣ የሦስቱ ተመልካቾች ልኬቶች ምን ያህል እንደሚዛመዱ የሚያሳየው ነጥብ ከ7.66 አያልፍም። በኮምፕሌክስ ግን 8.49 ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ቻይና ውስጥ በሱፐርኮንዳክቲንግ ኪዩቢት፣ ኤሌክትሪክን ያለ መቋቋም ከሚያሳልፍ ቁስ በተሠራ የኳንተም ኮምፒውተር ቢት፣ ተሞከረና 8.09 ተገኘ። ፍልስፍና የሚመስል ነገር እንዲህ ሲለካ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

«ተፈጥሮ ኮምፕሌክስ ናት» ብሎ መደምደሙ ግን ለእኔ ችኮላ ነው። የተፈተነው ቁጥሩ ለብቻው አልነበረም፤ ቁጥሩና የማጣመሪያው ሕግ አብረው ናቸው። በ2025 የጀርመንና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሕጉን ቀይረው፣ በሪል ቁጥር ብቻ ያንኑ የኳንተም ትንበያ የሚሰጥ አሠራር አቅርበዋል።

እኔ ለስሌት ኮምፕሌክሱን እመርጣለሁ፤ አጭርና ንጹሕ ነው። «ግድ ነው» ብዬ ግን አላስተምርም። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ሉማሜና ደምበጫ «አይተዋወቁም» ስንል በሒሳብ ምን ማለታችን ነው? ኮምፕሌክስ ግድ ነው የሚሉትና አይደለም የሚሉት የሚለያዩት እዚህች ላይ ነው፤ በሙከራ የሚለይበትን መንገድ የሚያስብ ተማሪ ካላችሁ ጻፉልኝ።